«አንቺ» ያልኳቸው እናት

ይህ ጽሑፍ ወጣቶችና ወላጆች አብረው በተቀመጡበት መድረክ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጤና ይስጥልኝ። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በርቀት የሚሰጥ አጭር ሥልጠና እወስድ ነበር። ተማሪዎቹ የምንገናኝበት የስልክ ግሩፕ ነበረን። ወደ ሁለት መቶ ሰው እንሆናለን። አንድ ምሽት ደክሞኝ፣ ርቦኝ፣ በሥራ ነገር ተናድጄ ስልኬን ከፈትኩ። አንድ ሰው ጥያቄ ጽፏል። «የመጀመሪያው ክፍል ማስታወሻ የት ነው የሚገኘው? እባካችሁ ንገሩኝ» ይላል። የፕሮፋይሉ ፎቶ አበባ ነው። ስሙ የሴት ነው። ጥያቄው በዚያ ሳምንት ብቻ አራት አምስት ጊዜ ተጠይቆ ተመልሷል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከላይ ብታነቢ ምን ነበረበት? ነው ወይስ ማንበብ አትችይም?»

የሚስቁ ፊቶች መጡ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር» የሚል መልስ መጣ። ከሥሩ ደግሞ ግሩፑን እንደለቀቀች የሚናገር ትንሽ ግራጫ ጽሑፍ። እኔም እራቴን በላሁና ተኛሁ።

ሁለት ወር አለፈ። ለፈተና በአካል ተሰበሰብን። ከአጠገቤ የተቀመጡት እናቴን የሚያክሉ ሴት ነበሩ። ፈተናው እስኪጀመር ወሬ ያዝን። «እርስዎ» እያልኩ ነው የማዋራቸው። ሌላ ቃል ከአፌ ሊወጣም አይችልም። ፈተናው በጣም እንዳስፈራቸው ነገሩኝ። «ግሩፑ ላይ የተባለውን ሁሉ አላየሁትማ» አሉ። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። «ገብቼ ነበር። በገባሁበት ቀን አንድ ልጅ ተቆጣኝና ወጣሁ።»

አበባው ትዝ አለኝ። ስማቸውን ጠየቅኳቸው። እሳቸው ነበሩ።

ምንም አላልኩም። እንኳን ይቅርታ ልጠይቅ፣ ቀና ብዬ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ ወንበር የመጣ ነው። እኚያ እናት መንገድ ላይ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ኖሮ አብሬያቸው ሄጄ አሳያቸው ነበር። አውቀዋለሁ፣ ያደግኩት እንዲያ ነው። ታዲያ ያን ምሽት የጻፈው ማነው? ሌላ ሰው አልነበረም። እኔው ነኝ። የጎደለው የሳቸው ፊት ነው።

ይሉኝታ የሚባል ቃል አለን። ስትፈቱት «ምን ይሉኛል» ነው። ብዙ ጊዜ በክፉ እናነሳዋለን። ሰውን ያስራል፣ የልቡን እንዳይናገር ያደርገዋል እንላለን። እውነት አለው። ግን ይሉኝታ ሌላም ሥራ ይሠራል። ክፉ ቃል ከአፋችን ሊወጣ ሲል የፊት ለፊታችን ሰው ዓይን ይመልሰናል። ፊቱ ሲጠቁር፣ ዓይኑ ዕንባ ሲያቀር እናያለን። የጀመርነውን ሳንጨርስ እናለዝባለን። «የሰው ፊት እሳት ነው» የሚባለው ስለ ልመና ነው። እኔ ግን ለክፉ ንግግርም ይሠራል ባይ ነኝ። ስልክ ላይ ያ እሳት የለም። መስታወት ብቻ ነው ያለው።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት። ጆን ሱለር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ ሰዎች ኦንላይን ላይ በአካል የማይሉትን ለምን እንደሚሉ ዘርዝሯል። ማንነታችን አለመታወቁን አንስቷል። አለመታየታችንን አንስቷል። መልሱ ዘግይቶ መምጣቱን፣ ሰውየው ጭንቅላታችን ውስጥ ያለ ፍጡር እንጂ ሕያው ሰው አለመምሰሉንም ጨምሯል። ደስ የሚለኝ ሱለር የነገሩን ሁለት ፊት ማየቱ ነው። ያው ልቅነት ዓይን አፋሩ ሰው ሕመሙን እንዲናገር፣ ያልደፈረውን እርዳታ እንዲጠይቅም ያደርጋል። ስለዚህ ስልኩን ጠላት አድርጌ አልስልም። ብዙ ሰው በጨለማው ሰዓት መጽናኛ ያገኘው እዚያው ነው።

ከምክንያቶቹ ትልቁ የቱ ነው? ብዙ ሰው «ስም መደበቅ ነው» ይላል። ፌክ አካውንት ሁሉ ቢጠፋ ሰላም ይሆናል ይባላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ አምን ነበር። ኖአም ላፒዶት-ሌፍለርና አዚ ባራክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 ያሳተሙት ጥናት ሐሳቤን አስቀይሮኛል። 142 ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው በኮምፒውተር አከራከሩ። አንዳንዶቹ ስማቸው ይታወቃል፣ አንዳንዶቹ አይታወቅም። አንዳንዶቹ በካሜራ ይታያሉ፣ አንዳንዶቹ አይታዩም። አንዳንዶቹ ደግሞ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ወደ ስድብና ማስፈራራት የሚገፋው ዋናው ነገር የስም አለመታወቅ ሆኖ አልተገኘም። የዓይን ለዓይን አለመተያየት ነው።

ደቡብ ኮሪያም በሕግ ሞክራዋለች። ከ2007 ጀምሮ ብዙ ጎብኚ ባላቸው ድረ ገጾች ላይ አስተያየት የሚጽፍ ሰው እውነተኛ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ግዴታ ሆነ። በ2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ፍርድ ቤቱ ሕገ ወጥ ጽሑፎች ይህን ያህል አልቀነሱም፣ በአንጻሩ የመናገር ነፃነት ተጎድቷል ብሎ ነበር። እኔም ያን ምሽት በገዛ ስሜ ነበር የጻፍኩት። ስሜ አላገደኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ስሙን የደበቀ ሁሉ ክፉ አይደለም። አለቃው እንዳያባርረው የሚፈራ፣ ባል የሚደበድባት፣ ሕመሙን ቤተሰቡ እንዳያውቅበት የሚፈልግ ሰው ስሙን ቢደብቅ መብቱ ነው። የምንፈልገው የሰዉን ስም አይደለም። ከጽሑፉ ጀርባ ሰው እንዳለ እንዲሰማን ነው የምንፈልገው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን ትንሽ ልበል። ነገሩ አማርኛ ላይ ከባድ ይሆናል ብዬ ስለማምን ነው።

ስንጽፍ ድምፃችን ይቀራል። «እሺ» የምትለውን ቃል አስቡ። በአፍ ሲሆን ስምምነት ትሆናለች፣ መሰልቸት ትሆናለች፣ «ቆይ አሳይሃለሁ» ትሆናለች። «ጎበዝ» ምርቃትም ነው፣ ሽሙጥም ነው። ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ብዬ ስጽፍ ተናገረ ማለቴ ይሁን መኖሩን መግለጤ የሚታወቀው ከዙሪያው ነው። በአፍ የማይሳሳት ሰው በጽሑፍ ይሳሳታል።

ችግሩ ደግሞ የምንጽፈው ሰዎች ይህን አለማወቃችን ነው። ስጽፍ ጭንቅላቴ ውስጥ ድምፄን እሰማዋለሁ። አንባቢውም የሚሰማው ይመስለኛል። ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በቁም ነገር፣ አንዳንዱን በሽሙጥ እንዲጽፉና በኢሜይል እንዲልኩ አደረጉ። ላኪዎቹ ተቀባዩ 78 በመቶ ያህሉን በትክክል ይረዳልናል ብለው ገመቱ። የተረዳው 56 በመቶውን ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። በድምፅ የተነገራቸው ግን 73 በመቶውን ለይተዋል።

ፈገግታዋ ምልክት ራሷ የተወለደችው ከዚህ ነው። በ1982 በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው ስለ አሳንሰርና ስለ ሜርኩሪ በኮምፒውተር መረብ ላይ የቀለደውን ሌሎች እውነተኛ የአደጋ ማስጠንቀቂያ አድርገው ወሰዱት። ስኮት ፋልማን የተባለ የኮምፒውተር ምሁር ሴፕቴምበር 19 ቀን አንድ ሐሳብ አቀረበ። ቀልድ ስንጽፍ ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ እናስከትል አለ። አንገታችሁን ወደ ጎን ስታዘነብሉ የሚስቅ ፊት ይታያችኋል። የዛሬው ኢሞጂ ሥራ ያው ነው። የጠፋውን ፊት በትንሹ ለመመለስ ነው። ስለዚህ ኢሞጂ የልጅ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። ለማያውቃችሁ ሰው እርማት ስትጽፉ አንዲት ፈገግታ ብዙ ትሸከማለች።

ሌላው «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ነው። አማርኛ ሰውን ገና ሳንጠራው ዕድሜውንና ፆታውን እንድንወስን ያስገድደናል። ኦንላይን ላይ ግን ያለን አበባ ብቻ ነው። ወይ አንበሳ፣ ወይ የፀሐይ መጥለቂያ። ብዙዎቻችን ያላወቅነውን ሁሉ «አንተ» እንላለን። ሲከር ደግሞ ሆን ብለን ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» እንወርዳለን። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያ መውረድ ራሱ ስድብ ነው። የማላውቀውን ሰው አሁን በ«እርስዎ» ነው የምጀምረው። ወጣቱ «ኧረ አንተ በለኝ» ይለኛል፣ እንስቃለን፣ ወሬው ይቀጥላል። ክብር በዝቶበት የተቀየመ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ቅድም ደክሞኝ፣ ርቦኝ፣ ተናድጄ ነበር ብያችኋለሁ። ያልኩት ለሰበብ አይደለም። የስታንፎርድና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ጥያቄያቸው ሰውን የሚያበሳጩ ጽሑፎችን የሚጽፉት ጥቂት ልዩ ክፉዎች ናቸው ወይስ ማንም ነው የሚል ነበር። ተሳታፊዎቹን በሁለት ከፈሉ። ለአንዳንዶቹ ቀላል ፈተና፣ ለሌሎቹ የሚያናድድ ከባድ ፈተና ሰጡ። ከዚያ ጽሑፍ አስነብበው አስተያየት እንዲጽፉ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ ቀድመው የተጻፉት አስተያየቶች ጨዋ ናቸው፣ ለሌሎቹ ሻካራ። ስሜታቸው ደህና ሆኖ ጨዋ አስተያየት ካዩት መካከል 35 በመቶ ያህሉ ጽሑፍ ነው ነገር ፈላጊ የሆነው። ተናደው የገቡትና ሻካራ ነገር ያዩት ላይ ሲደርስ 68 በመቶ ሆነ። እጥፍ ያህል ማለት ነው። ሰዎቹ ግን በዕጣ የተመደቡ ተራ ሰዎች ናቸው።

ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ነግሮኛል። አንደኛው፣ «እነሱ ባለጌዎች» እያልኩ ከራሴ የማርቀው ሕዝብ የለም። በመጥፎ ቀኔ እኔም እዚያ ነኝ። ሁለተኛው ደግሞ ተስፋ ነው። መጀመሪያ የሚጽፈው ሰው መንገድ ይጠርጋል። አንድ ግሩፕ ውስጥ የመጀመሪያው መልስ በጨዋ ቃል ከሆነ ተከታዩም ያንን ይይዛል። አድሚን የሆናችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

እና ምን እናድርግ? እኔ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። አብዛኛው አልሠራልኝም። የሠራልኝ መቆየት ነው።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል። ስልክ ላይ ግን ከጣት ወጥቶ አፋፍ እስኪደርስ አንድ ትንሽ ጊዜ አለ። «ላክ» የምትለዋ ቁልፍ እስክትነካ ድረስ ነገሩ የእናንተ ነው። በአፍ ስንጣላ ያ ዕድል የለም። እዚህ አለን፣ አንጠቀምበትም እንጂ። ትዊተር ላይ አንድ ነገር ተሞክሮ ነበር። ሰው ስድብ ያለበት የሚመስል መልስ ጽፎ ሊልክ ሲል ሲስተሙ «መላክ ፈልገዋል? እንደገና ይዩት» የሚል ጥያቄ ያወጣል። አይከለክልም፣ ይጠይቃል ብቻ። ድርጅቱ በ2021 እንዳሳወቀው ጥያቄው ከወጣላቸው ሰዎች 34 በመቶዎቹ ወይ ጽሑፋቸውን አለዘቡ ወይ ጭራሹኑ ተዉት። ከሦስት ሰው አንዱ! ምክር አልተሰጣቸውም፣ ቅጣት አልነበረም። ጥቂት ሰከንድ ነው የተሰጣቸው።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። ስናደድ መልሱን እጽፈዋለሁ፤ ግን እዚያው አልጽፈውም። ስልኬ ላይ ያለች ማስታወሻ ውስጥ ነው የምጽፈው። የልቤን ሁሉ እጽፋለሁ፣ አልቆጥብም። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣለሁ። ጠዋት አነበዋለሁ። አሥር ጽፌ አንዱን ብልክ ነው። የምልከውንም ድምፄን አውጥቼ አነበዋለሁ፤ ሰውየው ፊት ለፊቴ እንደተቀመጠ አድርጌ። አንብቤ መጨረስ ካቃተኝ አልልከውም። ጆሮ ዓይን ያላየውን ይይዛል።

ለአንድ ሰው ስህተቱን መንገር ካለብኝ ደግሞ መጀመሪያ ኢንቦክስ ላይ እሄዳለሁ። አደባባይ ላይ የታረመ ሰው ስህተቱን አያይም፤ የሚያየው ተመልካቹን ነው። ያኔ ለሐሳቡ አይከራከርም፣ ለፊቱ ይከራከራል።

አሁን ሁለተኛው ትልቅ ነገር ላይ ልግባ። ሼር ማድረግ።

የምንጽፈው ቃል የእኛ ነው፤ የምናስተላልፈው ግን የሌላ ሰው ነው ብለን ስለምናስብ ኃላፊነት አይሰማንም። «እንደደረሰኝ ነው» የምትለው ቃል ትዝ ትላችኋለች? እኔም ብያታለሁ። አንድ ጊዜ የጠፋ ሕፃን ፎቶ መጣልኝ። «እባካችሁ ሼር አድርጉ፣ እናቱ እያለቀሰች ነው» ይላል። ልቤ ተነካ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለስድስት ግሩፕ ላክሁት። ልጁ ከዓመታት በፊት ተገኝቶ ነበር። ስልክ ቁጥሩ ግን የእናቱ ነው፣ አሁንም ይሠራል። ስንት ሰው እንደደወለላቸው አስቡት። ያንን ክፉ ቀን በየሳምንቱ እንዲኖሩት ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ደግ ስሠራ መስሎኝ ነበር።

ሐሰት የሚሄደው በክፉ ሰው ብቻ አይደለም። በርኅራኄ ይሄዳል፣ በድንጋጤ ይሄዳል። የአሜሪካው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ሥራ ይህን በትልቁ አሳይቷል። ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሠራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን ተከታተሉ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያስተላለፏቸው ናቸው። ሐሰተኛው ወሬ እንደገና የመተላለፍ ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነቱ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ከሐሰቱ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። ሮቦቶቹን፣ ማለትም ሰው መስለው በራሳቸው የሚጽፉ ፕሮግራሞችን፣ ከስሌቱ ሲያወጧቸው ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም። የሚያሠራጨው ሰው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሐሰት አዲስ መምሰሉ ነው። ያስደንቃል፣ ያስጠላል። እውነት ብዙ ጊዜ እንደ ትናንቱ ነው።

ዋትስአፕ አንድን መልእክት በአንዴ ለስንት ቻት መላክ እንደሚቻል የገደበው ለዚህ ነው። በ2019 በዓለም ሁሉ አምስት አደረገው። በ2020 ደግሞ ብዙ እጅ የዞረ መልእክት ለአንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ሆነ። ከዚህ በኋላ እንዲህ ያሉ መልእክቶች ዝውውር በ70 በመቶ እንደቀነሰ ድርጅቱ ተናግሯል። ብዙ እጅ የዞረ መልእክት ላይ የምትወጣው ያቺ ሁለት ቀስት ያለችባት ምልክት ስትመጣባችሁ ቆም በሉ። ላኪው ወንድማችሁ ቢሆንም የጻፈው ወንድማችሁ አይደለም።

እንዴት ይጣራል? አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፣ ትልቁ እሱ ስለሆነ። ገጹን ትታችሁ ውጡ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት የታሪክ ምሁራንን፣ ተማሪዎችንና መረጃ ማጣራት ሥራቸው የሆነ ሰዎችን አንድ ላይ ፈተኑ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙዎቹ እዚያው ገጽ ላይ ቆይተው ሎጎውን፣ አጻጻፉን ያያሉ። ይታለላሉም። አጣሪዎቹ ግን ገጹን በደንብ ሳያነቡ ወጥተው ሌላ ቦታ ስለ ገጹ ምን እንደተባለ ይፈልጋሉ። በአጭር ጊዜ ደረሱበት። ሰውን ስለ ራሱ ብትጠይቁት መልካሙን ነው የሚነግራችሁ፤ ጎረቤቱን ጠይቁ እንደማለት ነው። ለፎቶም እንዲሁ ነው። ፎቶውን በጉግል ፈልጉት፣ ከዚህ በፊት የትና መቼ እንደወጣ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያንን ሕፃን ፎቶ ባጣራው ኖሮ ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ።

ከተሳሳታችሁስ? አጥፍቶ ዝም ማለት አይበቃም። የላካችሁት ለስድስት ግሩፕ ከሆነ ስድስቱም ላይ «የላክሁት ትክክል አልነበረም» በሉ። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። እኔ አራተኛው ግሩፕ ላይ ስደርስ እፍረቱ ለቀቀኝ። የሚገርመው ማንም አልዘለፈኝም። ከዚያ በኋላ የምልከውን ነገር የበለጠ ያምኑኝ ጀመር።

ለወላጆች አንድ ነገር። ስለ ልጆቻችሁ ፎቶ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ፎቶ የትምህርት ቤቱን ስም ይናገራል። ስልካችሁ ላይ የቦታ መረጃ ክፍት ከሆነ ፎቶው ሲነሳ የት እንደተነሳ ከውስጡ ይጻፋል፤ እንደ ፋይል ስትልኩት አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልጁን ጠይቁት። ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ «ይህን አታውጪብኝ» ማለት ያውቃል። የተጠየቀ ልጅ ነገ የጓደኛውን ፎቶ ከማውጣቱ በፊት ይጠይቃል። ስለ ታመመ ሰው፣ ስለ ለቀስተኛ ፎቶ፣ ስለ ግል ወሬ ስክሪንሹትም የምለው ያው ነው። ባለቤት አላቸው። ባለቤቱን ጠይቁት።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝ ጋ ደርሻለሁ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ለመልካም ነገር ነው የምንለው። ኦንላይን ላይ ግን ድሩ ሰው ሲያስር አይቻለሁ። አንድ ሰው ያጠፋል፣ ወይም አጥፍቷል ይባላል። ሁላችንም አንድ አንድ ቃል እንጥላለን። ከእኛ በኩል አንድ ቃል ናት። ከሰውየው በኩል ሲታይ ስልኩ ለሦስት ቀን ያለማቋረጥ ይጮኻል። እኛ ተኝተናል፣ እሱ አልተኛም። ማናችንም ገደልነው አንልም፤ ሁላችንም የያዝነው ጠጠር ነውና።

በኤፕሪል 2013 የቦስተን ማራቶን ላይ ፍንዳታ ደረሰ። ሬዲት የተባለ የመወያያ ድረ ገጽ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች ፎቶ እያገላበጡ ጥፋተኛውን መፈለግ ጀመሩ። ክፉ ልብ አልነበራቸውም፣ ማገዝ ነበር የፈለጉት። ጣታቸውን የቀሰሩት ግን ቤተሰቡ ጠፍቶበት በሚፈልገው አንድ ተማሪ ላይ ነው። ልጁ ከነገሩ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በጭንቅ ላይ የነበረው ቤተሰብ ስድብና ማስፈራሪያ ወረደበት። የድረ ገጹ ኃላፊ በኋላ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ተገቢ ነበር። ያቺን ሌሊት ግን ለዚያ ቤተሰብ ማንም አይመልስለትም።

እና ክፉ ሲደረግ ዝም እንበል? አይደለም። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም «ጨዋነት» የሚለውን ቃል ሰው ዝም ለማሰኘት የሚጠቀሙበት አሉ። ሥልጣን የያዘን ሰው መተቸት ብልግና አይደለም። ሐሰትን ሐሰት ነው ማለት ብልግና አይደለም። የተበደለ ሰው ድምፁ ከፍ ቢል «በጨዋ ቃል ተናገር» ማለትም እኔ አልደፍርም። የምለው ሥራውን ንኩ፣ ማስረጃ አቅርቡ፤ መልኩን፣ እናቱን፣ የተወለደበትን ተዉለት ነው። ዛቻ ሲሆን፣ የሰው አድራሻና ስልክ ሲለጠፍ ደግሞ ክርክር አያስፈልገውም። ሪፖርት አድርጉ፣ ብሎክ አድርጉ፣ ማስረጃውን አስቀምጡ።

ዳር ቆማችሁ ስታዩም የምታደርጉት አለ። ሰው ሲረባረብበት ካያችሁ ተረባራቢዎቹን ለመስደብ አትግቡ፤ እሳቱ ላይ እንጨት መጨመር ነው። ለተመታው ሰው ኢንቦክስ ላይ «አይቻለሁ፣ ደህና ነህ ወይ?» በሉት። ያን ምሽት ከሁለት መቶ ሰው አንድ ሰው ለእኚያ እናት ይህን ቢጽፍላቸው ኖሮ ግሩፑን የሚለቁ አይመስለኝም። ሠላሳ ሰው ሳቀ። መቶ ሰባው ዝም አለ። እኔን አንድ ሰው «ተው» ቢለኝ ኖሮ አጠፋው ነበር።

ከፈተናው በኋላ ስልክ ቁጥራቸውን ተቀብዬ ነበር፣ የሥልጠናውን ማስታወሻ ልልክልዎት በሚል። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በጽሑፍ ልልክ ጀመርኩና ተውኩት፤ ድምፄን እንዲሰሙት ፈለግኩ። ደወልኩላቸው። «የተቆጣዎት ልጅ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ግሩፑ ላይ አሁንም «ከላይ አንብቡ» ይባባላሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አንብቢ ስባል ጣቴ እስኪዝል ወደ ላይ ሄጃለሁ። ምንም የለም። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር» አሉኝ።

ግሩፑ የተዘጋጀው አዲስ የሚገባ ሰው የቀድሞውን መልእክት እንዳያይ ተደርጎ ነበር። እኔ ቀድሜ ስለገባሁ ሁሉም ይታየኝ ነበር። እሳቸው ስልክ ላይ የነበረው የሳቸው ጥያቄና የእኔ መልስ ብቻ ነው።

በማግስቱ ግሩፑ ላይ፣ ሁለት መቶውም ሰው በሚያይበት፣ ይቅርታዬን ጻፍኩ። አድሚኑን ለምኜ መልሰው አስገቧቸው። ማስታወሻውንም ያኔ ላክሁላቸው።